የውሰት ልጅ

ቺጉሳ እህቴ ዐሥራ ሦስት ሲሞላት፣
አባቴ ቶኩጂ ኪሞኖ ገዛላት፤
ልኩ የትልቅ ሴት፣ ገና ያልደረሰችበት፣
ትከሻው ላይ ብቻ እጥፋት ተሰፋበት።
ሥርዓቱ ሲፈጸም ክሩ ይተረተራል፣
እስከዚያው ልጅነት በመርፌ ተይዞ ትከሻ ላይ ያድራል።

እኔ ስድስት ነበርኩ።
«ሰባት እስኪሞላው ልጅ የአማልክት ነው» ትል ነበር አክስቴ፣
ሩዝ እያጠበች፣ ሳትቀልድ፣ ሳትቆጣ።
«እነሱ ባለቤት፣ እኛ ጎረቤት፣
አንተ የውሰት ዕቃ።
‹መልሱልን› ቢሉ ምን አፍ አለን? በቃ።»
ከዚያች ቀን ጀምሮ ሌት ነቅቼ ሳድር፣
ጣራውን የነካው የቀርከሃ ቅጠል
ሊወስደኝ የመጣ ይመስለኝ ነበር።

ሚያዝያ ነው፣ ጧት። አራሺያማ ላይ ዝናቡ አባርቷል፣
የካትሱራ ወንዝ ደፍርሶ ተነሥቷል።
ደረጃውን ወጣን። ከላይ ቤተ መቅደስ፣
ከውስጡ ኮኩዞ፦
ሰማዩ ጎተራው፣ ጥበብ ነው እህሉ፣
ላሥራ ሦስት ዓመት ልጅ በቁና ይሰፍራል፣ አያዳላም አሉ።

መነኩሴው ብሩሽና ቀለም አቀረበ፤
«አንዲት ፊደል ብቻ፣ ልብሽ የሻተውን።»
ከጎኗ ያለችው «ውበት» ብላ ጻፈች፣
አንዱ «ድል» ብሎ ጻፈ፣
አንዷ «ህልም» ልትል ስትል ቀለም አፈሰሰች።
ቺጉሳ በአራት ጭረት «እጅ» ብላ ጨረሰች።
አባቴ ግራ ገባው፦ «ምነው የኔ ልጅ፣
ከዚህ ሁሉ ፊደል የመረጥሽው እጅ?»
ዝም አለች።
መነኩሴው ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣
ከበሮውን መታ፣ ዜማውን ቀጠለ።

ስንወርድ አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦
«ድልድዩን ስትሻገሪ ዞር እንዳትዪ፣ አደራ፤
የተሰጠሽ ጥበብ ገና አልለመደሽም፣
ዞር ያልሽ እንደሆነ እንደ ወፍ በርግጎ
ይመለሳል ወደ ተራራ።»

እኔ ግን ስድስት ነኝ።
ጥበብ ከሰው ራስ ላይ ብድግ ብሎ ሲሄድ
ክንፉ ምን ይመስላል? ነጭ ነው? ግራጫ?
ላየው ጓጓሁ በቃ። ከኋላ ዘገየሁ፣
«ቺጉሳ!» አልኩ ጮኬ፤ ደግሜ ጠራሁ፤
እንደ ዳክዬ ጮኽኩ፣ እንደ አክስቴ አስነጠስኩ፣
«ባቡር መጣብሽ» አልኩ።
አንገቷ አልዞረም።
የትከሻዋ ስፌት ብቻ ከፍ ዝቅ ይላል፤
እየሳቀች ነበር።

ያኔ ነው የእንጨት ጫማዬ ማሰሪያው የተበጠሰው።
በግንባሬ ተደፋሁ። በአጥሩ ክፍተት
ደፍራሹን ውሃ አየሁት፣ ፊት ለፊት፤
ሲያጉረመርም ሰማሁ፣ ገባኝ የሚለው፦
«የውሰቱ ልጅ ሆይ፣ መመለሻህ ነው።»
ማልቀስም አቃተኝ።

ለጩኸቴ ያልዞረች ዝምታዬን ሰማች፤
ቆመች።
አባቴ ዣንጥላውን ይዞ ወደ ፊት ርቋል።
ፊቷን ከወዲያ ማዶ፣ ከከተማው ሳትነቅል፣
አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣
ሌላ እርምጃ ወደ ኋላ፣
ተረከዟ እየዳሰሰ፣ ካንዱ የአጥር ጥላ ወደ ሌላው ጥላ።
ሰዎች መንገድ ለቀቁ፣
አንድ ሽማግሌ ምን እንደገባው እንጃ፣ ቆቡን አወለቀ።
እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች፣ መዳፏን ከፍታ፣
አውራ ጣቷ ላይ ቀለሙ አልደረቀም።
ያዝኩት።

ጥበቡ በርሮ እንደሆነ አላውቅም።
በዚያው ዓመት ቺጉሳ ሒሳብ ወደቀች።

ማታ አክስቴ በመቀስ ትከሻውን ፈታች፣
እጅጌው ወረደ፣ ቺጉሳ ረዘመች።
ክሩን ከወለሉ ለቅሜ አነሣሁት፣
ጣቴ ላይ ጠምጥሜ በጥርሴ አሰርኩት፤
የውሰት ዕቃ ላይ ይታሰር የለም ወይ፣
ከሌላው ሳይምታታ ባለቤቱ እንዲለይ?
ቀርከሃው ጣራውን ነካ አደረገ፣ እንደ ወትሮው፣ ስሜን ፍለጋ።
«ይምጡ» አልኩ፣ ተኛሁ፣
ሁለቱንም ዓይኔን ጨፍኜ፣ እስኪነጋ።